ማዕበልን በየብስ ሳሉ ማሸነፍ
በክረምት ወራት በመርከብ ለሚጓዙና በአገር ቤት ሆነው ለሚጠብቁ ቤተ ሰቦች የቀረበ ምክር

የደጋ ሰው ባሕርን የሚያውቀው በስሙ ነው። ተራራውንና ሸለቆውን፥ የሐምሌን ጎርፍና የሚያዝያን አቧራ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስለ ለመዳቸው አይፈራቸውም። ባሕርን ግን አላየውምና ወይ ከመጠን በላይ ይፈራዋል፥ ወይ ከመጠን በላይ ይንቀዋል። ሁለቱም ለመንገደኛ መልካም አይደሉም። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን በክረምት ወራት በመርከብ ስለሚደረግ ጉዞና በዚያን ጊዜ ስለሚነሣው ማዕበል ጥቂት ቃል ለማቅረብ አሰብን።

ምናልባት አንባቢ፥ «መርካቶ ተቀምጠን ስለ ባሕር ማዕበል መነጋገር ምን ይረባናል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ወደ አዲስ ከተማ ወርዶ በየተራው የሚዘዋወር ሰው ልብ ብሎ ቢመለከት፥ ከሚያየው ዕቃ እጅግ የሚበዛው ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። የጨርቁ ጥቅል፥ የብረቱ ዘንግ፥ የመስተዋቱ ሣጥን፥ የልጆች መጫወቻ እንኳ ሳይቀር በመርከብ ሆድ ውስጥ ሲንገላታ ሰንብቶ፥ በጅቡቲ ወደብ ወርዶ፥ ቆላውን አልፎ እዚህ ይደርሳል። ይህ ገበያ ጣልያን አገራችንን በያዘበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፥ አራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ ይቆም የነበረው የአገሬው ገበያ ወደዚህ እንዲዛወር በተደረገ ጊዜ የተመሠረተ ነው። ከዚያም አስቀድሞ በ1909 ዓ. ም. የምድር ባቡር አዲስ አበባ ስለ ደረሰ፥ የከተማችን ንግድ ከባሕር ጋራ በብረት ገመድ የታሰረ ያህል ሆኖ ነበር። በ1985 ዓ. ም. ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የራስዋ የባሕር በር ባይኖራትም፥ የመርካቶ ነጋዴ ዛሬም የሚበላው እንጀራ በባሕር መንገድ ላይ የተመሠረተ ነው። በሩቅ ባሕር ነፋስ ሲነሣና መርከብ ሲዘገይ እዚህ የዕቃው ዋጋ ይወጣል።

ዳግመኛም ባሕሩን የሚሻገረው ዕቃ ብቻ አይደለም። ቀድሞ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም የሚሄዱ ክርስቲያኖችና ወደ መካ የሚሄዱ ሙስሊሞች ምፅዋ ወርደው በመርከብ ይሳፈሩ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ዓ. ም. ለመልእክት ወደ ጃፓን በባሕር ተጉዘው፥ ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚለው መጽሐፋቸው ለአገራቸው ሰው አስታውቀዋል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅት ከተቋቋመ ጀምሮም በአገራችን ወንዞችና ከተሞች ስም የተሰየሙ መርከቦች ባሕሩን ሲያቋርጡ ኖረዋል። በቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ አጠገብ በተቋቋመው የባሕረኞች ማሠልጠኛ የተማሩ ወጣቶችም በውጭ አገር መርከቦች ላይ ተቀጥረው ቤታቸውን ረድተዋል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ልጆችም አባትና እናታቸውን ጠርተው፥ ጥቂት ቀን በታላቅ የሽርሽር መርከብ ላይ እንዲያርፉ የሚያደርጉ አሉ። የጉዞው ዋጋ በክረምት ስለሚቀንስ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ማዕበል የሚበዛበት ወራት ነው።

እዚህ ላይ በቅድሚያ መታወቅ ያለበት የክረምት ስም አንድ ሲሆን ወራቱ ግን ሁለት መሆኑ ነው። የእኛ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በዚሁ ጊዜ በዐረብ ባሕርና በሶቆጥራ ደሴት ዙሪያ ከደቡብ ምዕራብ የሚነሣ ብርቱ ነፋስ ይነፍሳል፤ ባሕሩም ከዓመቱ ወራት ሁሉ ይልቅ የሚናወጠው በዚያን ጊዜ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው በበጋችን ግን ነፋሱ ፊቱን መልሶ ከሰሜን ምሥራቅ በዝግታ ስለሚነፍስ፥ ያው ባሕር ረጋ ይላል። የጥንት መርከበኞች ይህን የነፋስ መለዋወጥ ዐውቀው መሄጃቸውንና መመለሻቸውን በእርሱ ይወስኑ ነበር። የአውሮፓ ክረምት ግን የእኛ በጋ ነው፤ በሜዲቴራኒያን ባሕርና በአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዕበል የሚበረታው ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። እንግዲህ «ገና በጋ ነውና ባሕሩ ጸጥ ያለ ይሆናል» ብሎ በታኅሣሥ ወደ ሰሜን ባሕር የሚሄድ የመርካቶ ሰው በራሱ አገር መቍጠሪያ የሰው አገር ባሕርን መለካቱ ነው።

ስለ ክረምት ማዕበል ከተጻፉት ታሪኮች ሁሉ ለአንባቢዎቻችን ይልቅ የታወቀው የሐዋርያው የጳውሎስ ጉዞ ነው። የሐዋርያት ሥራ 27ኛው ምዕራፍ በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ የሰማነው ስለ እምነት ነው፤ የባሕር መንገደኛ ግን ስለ ጥንቃቄ ጭምር ሊያነበው ይገባል። መርከቢቱ የእስክንድርያ ነበረች፤ በውስጧም 276 ነፍስ ነበረ። በቀርጤስ ደሴት መልካም ወደብ በሚባለው ስፍራ ሳሉ ወራቱ መሽቶ ስለ ነበረ፥ ጳውሎስ መሄዱ ጉዳት እንደሚያመጣ አስጠነቀቀ። ነገር ግን የመቶ አለቃው የመርከብ መሪውንና የባለ መርከቡን ቃል ሰማ። ከደቡብ ልከኛ ነፋስ በነፈሰ ጊዜም ያሰቡት የተሳካላቸው መስሏቸው ተነሡ። ጥቂት ቈይቶ አውራቂስ የሚሉት ዐውሎ ነፋስ ወረደባቸው። መርከቢቱን በገመድ አስታጠቁ፥ ጭነቱን ጣሉ፥ ዕቃዋንም ጣሉ፤ ፀሐይና ከዋክብትም ለብዙ ቀን አልታዩም። በ14ኛው ሌሊት ወደ የብስ መቅረባቸውን ባወቁ ጊዜ ከበስተኋላ 4 መልሕቅ ጣሉ። መርከበኞቹ በታንኳ ሊሸሹ ቢያስቡ ወታደሮቹ ገመዱን ቈረጡባቸው። ጎሕ ሳይቀድም ጳውሎስ ሁሉንም እህል እንዲቀምሱ መክሮ፥ ራሱ በፊታቸው በላ። መርከቢቱ ብትሰበርም ከሰዎቹ አንድ እንኳ ሳይጠፋ ሁሉም ወደ መላጥያ ደሴት ወጡ።

ከዚህ የምንማረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ የማዕበሉ ጥፋት የተወሰነው ማዕበሉ ሳይነሣ፥ መርከቢቱ ገና በወደብ ታስራ ሳለች ነው። ሁለተኛ፥ በጭንቅ ጊዜ ጥቂቶች ለብቻቸው ሊያመልጡ ቢሞክሩ የሁሉ ነፍስ ይጠፋ ነበር። ሦስተኛ፥ የተራበ ሰው ለመዳን የሚሆን ጕልበት የለውም።

ይህ የጥንት ነገር ነው የሚል ቢኖር በዘመናችን የሆነውን ይስማ። በመጋቢት 14 ቀን 2011 ዓ. ም. ቫይኪንግ ስካይ የምትባል የሽርሽር መርከብ 1,373 ሰው ይዛ በኖርዌይ ባሕር ዳርቻ ስትሄድ ብርቱ ማዕበል አገኛት። የተሠራችው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ስለ ሆነ አዲስ ነበረች፤ ተሳፋሪዎቹም የሚበዙት በክረምቱ ሌሊት በሰሜን ሰማይ የሚታየውን ብርሃን ለማየት የወጡ ሽማግሎችና አሮጊቶች ነበሩ። ሁስታድቪካ በሚባለው ድንጋያማ ስፍራ ሳለች ሞተሮቿ ሁሉ ጠፉ፤ መርከቢቱም ወደ ዐለቱ ትነዳ ጀመር። በኋላ በተደረገው ምርመራ የተገኘው ምክንያት ለሰሚው የሚያስደንቅ ነው። በማጠራቀሚያዎቹ ውስጥ የነበረው የሞተር ዘይት ከሚገባው ልክ በታች ስለ ነበረ፥ መርከቢቱ ስትንገዋለል ዘይት መሳቢያው አየር ሳበ፤ ሞተሮቹም ራሳቸውን እንዲያጠፉ የተሠሩ ናቸውና ቆሙ። ከ4ቱ ሞተሮች አንዱ ደግሞ አስቀድሞ ከሥራ ውጭ ሆኖ ነበር። መልሕቅ ጥለው ከዐለቱ አጠገብ ሲታገሉ፥ 479 ሰዎች አንድ በአንድ በገመድ እየተሳቡ በሄሊኮፕተር ተወሰዱ። ሞተሩ እንደ ገና ስለ ተነሣ፥ መርከቢቱ በማግሥቱ የቀሩትን ይዛ ሞልደ ከሚባለው ወደብ ደረሰች፤ የቈሰሉ ቢኖሩም የሞተ አልነበረም።

እንግዲህ በጳውሎስ ዘመን መርከብና በዘመናችን መርከብ መካከል ወደ 2,000 ዓመት የሚጠጋ ርቀት ቢኖርም ነገሩ አንድ ነው፤ ማዕበሉ የመጣው በባሕር ላይ ቢሆንም ጕድለቱ የተጀመረው በወደብ ነው። የመርከቡ ዘይት ለካፒቴኑ የተተወ ነገር ነው፤ ተሳፋሪው ግን የራሱን ዘይት ይመልከት። ከቤቱ ሳይወጣ ሊያሰናዳው የሚገባውን ቀጥለን እንጽፋለን።

1ኛ፤ ስለ ባሕር ሕመም። መርከብ ሲንገዋለል የሚመጣው ማዞርና ማስመለስ የፍርሃት ምልክት ወይም የድካም ነውር አይደለም። በጆሮ ውስጥ የአካላችንን ሚዛን የሚጠብቅ ብልት አለ፤ እርሱ መንቀሳቀሳችንን ሲናገር፥ ዐይን ግን የክፍሉን ግድግዳ አይቶ «ቆመናል» ይላል። ሁለቱ ሲጣሉ ሆድ ይታወካል። የእንግሊዝ ባሕር ኀይል ታላቅ አዛዥ የነበረው ኔልሰን ዕድሜውን በባሕር ላይ ፈጽሞ ይህ ሕመም አልለቀቀውም፤ የተፈጥሮ መርማሪው ዳርዊንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1831 እስከ 1836 በቢግል መርከብ ሲዞር ዘወትር ታምሟል። ስለዚህ የታመመውን ሰው አትሳቁበት።

ሕመሙን ለማቅለል የሚተኛበት ክፍል በመርከቡ ወገብና በታችኛው ደርብ ቢሆን ይመረጣል፤ የመርከብ አፍንጫና ላይኛው ደርብ አብዝተው ይወዛወዛሉና። ይህም ቲኬት በሚገዛበት ቀን የሚወሰን እንጂ ማዕበል ሲነሣ የሚታረም አይደለም። ባሕሩ መናወጥ ሲጀምርም፥ ካፒቴኑ ወደ ውጭ መውጣትን እስካልከለከለ ድረስ፥ ነፋስ ካለበት ስፍራ ቆሞ አድማሱን መመልከት ዐይንንና ጆሮን ያስታርቃል። መጽሐፍ ማንበብና ስልክ ላይ ማቀርቀር ግን ያብሳል። የሚዋጥ መድኃኒት የሚጠቅመው ከሕመሙ በፊት ሲወሰድ ነው፤ ካስመለሰ በኋላ ሆድ አይቀበለውም። እንቅልፍ የሚያመጣም አለ፥ ለሕፃናት፥ ለነፍሰ ጡርና የዐይን ግፊት ላለበት የማይስማማም አለና፥ ከመነሣት በፊት ሐኪምን መጠየቅ የተገባ ነው። ለብዙ ሰው ሕመሙ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ እየለመደ ይተወዋል።

2ኛ፤ ስለ ምግብ። ባሕር ላይ ጥጋብም ረኃብም ጠላት ናቸው። ጥቂት ጥቂት፥ ደረቅና ቅባት የሌለው ምግብ ቶሎ ቶሎ መቅመስ ይሻላል። ለዚህም ከመርካቶ የሚበልጥ የስንቅ ገበያ የለም። ከቅመም ነጋዴ የሚገዛ ዝንጅብል፥ በቤት የተጋገረ ዳቦ ቆሎ፥ የገብስ ቆሎና በሶ ለባሕር መንገደኛ እንደ ታሰቡ ያህል ይስማማሉ። ሻንጣ ከመዘጋቱ በፊት ግን የሚሄዱበት አገርና መርከቡ እህል ማስገባትን ይፈቅዱ እንደ ሆነ መጠየቅ ያሻል። ጠጅና አረቄ በማዕበል ቀን ፈጽሞ አይቀመሱም፤ መርከቡ ሳይወዛወዝ የሚያወዛውዙ መጠጦች ናቸውና።

እዚህ ላይ ለጾመኞች የሚሆን ቃል አለን። የአውሮፓ ክረምት በአብዛኛው በጾመ ነቢያትና በዐቢይ ጾም ላይ ይውላል። የጾም ምግባችን ቅባቱ ጥቂት በመሆኑ ለታወከ ሆድ ይስማማል፤ ነገር ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መቈየት ሕመሙን ያብሰዋል፤ ደጋግሞ ያስመለሰው ሰውም ውኃ ከአካሉ ስለሚጐድል አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ምእመኑ ከመነሣቱ አስቀድሞ ከነፍስ አባቱ ጋራ ይማከር። በመርካቶ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ ጎረቤታሞች እንደ ሆኑ ሁሉ፥ በዚህም ነገር ሁለቱ ወገኖች ይቀራረባሉ፤ በረመዳን ለመንገደኛና ለታመመ ሰው የተፈቀደለት መኖሩን የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ያውቃሉ።

3ኛ፤ ስለ ልብስና ዕቃ። ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ በቤት ይቅር፤ ታችኛው ጎማ የሆነ፥ የማያንሸራትት ጫማ ይያዝ። ዘወትር የሚወሰድ መድኃኒት፥ ፓስፖርት፥ መነጽርና የእጅ ባትሪ በአንዲት ትንሽ ቦርሳ ሁነው ከራስጌ አይለዩ። ማዕበል እንደሚመጣ በተነገረ ጊዜ ብርጭቆና ሻንጣ ከከፍታ ወርደው መሬት ይቀመጡ። በመተላለፊያ ሲሄዱ አንድ እጅ ምን ጊዜም መደገፊያውን ይያዝ። የብረት በሮች በነፋስ ሲወረወሩ ጣት ስለሚቈርጡ፥ በበሩ ጠርዝ ላይ እጅን ማኖር አይገባም፤ ይህን ለልጆች ደጋግሞ መንገር የእናትና የአባት ሥራ ነው።

4ኛ፤ ስለ መታዘዝ። መርከቡ እንደ ተነሣ ተሳፋሪው ሁሉ መሰብሰቢያ ስፍራውንና የመንሳፈፊያ ልብሱን አለባበስ እንዲማር ይጠራል። ይህ ሥርዐት በከንቱ የመጣ አይደለም፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 ታይታኒክ በሰጠመች ጊዜ የነበሯት ጀልባዎች ለተሳፋሪዎቿ ሁሉ የማይበቁ ስለ ነበሩ፥ በ1914 መንግሥታት ተሰብስበው የባሕር ላይ ደኅንነት ሕግ አወጡ። በታወቀው ሥርዐት የአደጋ ጥሪ 7 አጫጭርና 1 ረጅም ድምፅ ነው። ታላቅ ሹም ወይም ባለጠጋ የሆነ ሰው «ይህ ለተራ ተሳፋሪ ነው» ብሎ በክፍሉ መቀመጥ አይገባውም፤ ማዕበል ማዕርግን አይጠይቅምና። በቤቱ አዛዥ የሆነ ሁሉ በመርከብ ላይ ታዛዥ መሆኑን ልጆቹ ቢያዩ፥ በጭንቅ ሰዓት እነርሱም ይታዘዛሉ። አባት ሲጮኽ ልጅ ይሸበራል፤ አባት ዝግ ብሎ ሲናገር ልጅ ይረጋል። ካፒቴኑ መንገዱን ቢለውጥ ወይም የተነገረውን ወደብ ቢተው፥ ገንዘቤን አጣሁ ብሎ መክሰስ ሳይሆን ማመስገን ይገባል፤ በመልካም ወደብ የመቶ አለቃው የጐደለው ይህ ማስተዋል ነበርና።

5ኛ፤ በአገር ቤት ስለሚቀሩት። መንገደኛው ሲነሣ የመርከቡን ስም፥ የኩባንያውን የስልክ ቍጥር፥ የክፍሉን ቍጥርና በየቀኑ የሚደርስባቸውን ወደቦች በወረቀት ጽፎ ለቤተ ሰቡ ይተው። ባሕር ላይ፥ ይልቁንም በማዕበል ቀን፥ ስልክ ሊቋረጥ ይችላል፤ የስልክ ዝምታም የሞት ምልክት አይደለም። በገበያ የሚወራ ወሬ ከመርከብ ይልቅ ፈጣን ነው፤ ጠዋት «መርከብ ተናወጠ» የተባለው ማታ «ሰጠመ» ተብሎ ይደርሳል። ስለዚህ ከኩባንያው ወይም ከመንግሥት እርግጠኛ ቃል ሳይመጣ ለቅሶ መቀመጥ፥ ለእናትም መርዶ መንገር ታላቅ በደል ነው። አንዲት ቍራጭ ወረቀት ብዙ እንባ ታስቀራለች።

ይህን ሁሉ ከጻፍን በኋላ ዝም ብለን ልናልፈው የማይገባን ሌላ ጉዞ አለ። በጅቡቲና በየመን መካከል ደላሎች በሚያሰናዱት ጀልባ የሚደረገው ነው። በሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ. ም. በየመን በአብየን ባሕር ዳርቻ እጅግ ብዙ ሰው የጫነች ጀልባ በክፉ ነፋስ ተገልብጣ ከ70 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም የሚበዙት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከዚያም በፊት በ2016 ዓ. ም. በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ አጋማሽ፥ ከየመን ወደ ጅቡቲ የሚመለሱ ሁለት ጀልባዎች ተከታትለው ሰጥመው ሕፃናት ጭምር ጠፍተዋል። ከላይ የዘረዘርነው ምክር ለእንዲህ ያለው ጀልባ አያገለግልም። ለሁሉ የሚበቃ የመንሳፈፊያ ልብስ የለም፥ የሚታዘዙት ካፒቴን የለም፥ የአደጋ ጥሪውን የሚሰማ የለም። የሐምሌ ነፋስ በዐረብ ባሕር ምን ያህል እንደሚበረታ ደላላው አይነግራቸውም፤ እኛ ግን ልንነግራቸው ይገባል። ከዚህ ማዕበል የመዳን ብልሃት ከጀልባው አለመግባት ብቻ ነው፤ ይህም የሚወሰነው በባሕር ዳር ሳይሆን ልጁ ገና በቤቱ ሳለ፥ በአባትና በእናት፥ በአሠሪና በጎረቤት ምክር ነው። በመርካቶ ሸክም ተሸክሞ ወይም መደብር ጠብቆ የሚያድር ወጣት «ልሻገር ነው» ሲል የሰማ ጌታ፥ ከመገሠጽ ይልቅ አስቀምጦ ያነጋግረው፤ ቢቻለውም የሚሠራበት መንገድ ይፈልግለት።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ ነፋስን የሚያዝ ሰው የለም። ለሰው የተሰጠው ወራቱን ማወቅ፥ ስንቁን ማሰናዳት፥ ለሚያውቅ መታዘዝና ወንድሙን አለመተው ነው። እነዚህም ሁሉ በየብስ ሳለን የሚፈጸሙ ናቸው። ለመንገደኞች ሁሉ መልካም ነፋስ፥ ለሚጠብቋቸውም መልካም ወሬ እንመኛለን።